በአንድ አንገት ሁለት ካርድ

ግሌኒስ ታፕስኮት ኔቪልን መጠርጠር የጀመረችው ባለፈው ፋሲካ፣ እህቷን ባገባበት ቀን ነው። ምክንያቷ ጫማው ነበር። ከመጠን በላይ ተወልውሏል። ግሌኒስ ዕድሜዋን ሙሉ ባቡር ላይ ትኬት ስትቆጣጠር የኖረች ሴት ናትና፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰው ሁሉ ትኬት የለውም የሚል የራሷ ሃይማኖት አላት። ጡረታ ከወጣች ወዲህ ደግሞ የምትቆጣጠረው ትኬት ስላጣች ሰውን መቆጣጠር ይዛለች።

ከሠርጉ በኋላ እህቷ ወደምትኖርበት ወደ ቡንዳበርግ በደወለች ቁጥር ስልኩን የሚያነሳው ኔቪል ሆነ። «ገላዋን እየታጠበች ነው» ይላታል። በሌላ ቀን ስትደውል አሁንም እየታጠበች ነው። ይህቺ ሴትዮ ዓሣ ሆነች እንዴ! ከዚያ የእህቷ ቤት ለሽያጭ መቅረቡን ከሰው ሰማች። ወላጆቿ ከሞቱ፣ የራሷም ባል ጥሏት ከሄደ ወዲህ ግሌኒስ በዚህ ምድር ላይ ያላት ሰው ታላቅ እህቷ ኖሊን ብቻ ናት። ይህ ሰው ኖሊንን ምን ሊያደርጋት ነው? ቀን ከሌት የሚያብሰለስላት ይኸው ነበር።

ስለዚህ ባልና ሚስቱ በፓስፊክ ደሴቶች ላይ ወዳሉት ወደ ኑሜያና ወደ ፖርት ቪላ በመርከብ ሊዝናኑ መሆናቸውን እንደሰማች፣ ማንም ሳይጠራት እዚያው መርከብ ላይ፣ እዚያው ኮሪደር ላይ ክፍል ያዘች።

«ላስደስታችሁ ብዬ እኮ ነው!» አለቻቸው ብሪዝበን ወደብ ላይ ድንገት ብቅ ብላ።

ኖሊን «ግሌኒ! የኔ ጉድ!» ብላ ጥምጥም አለችባት። ኔቪል ግን ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀመጠና ከላይ እስከ ታች አያት። ደስ ያለው ሰው እንደዚያ አያይም።

መርከቧ ከመነሳቷ በፊት የደህንነት ልምምድ ነበር። ድሮ ድሮ ተሳፋሪው ሁሉ የመንሳፈፊያ ጃኬቱን አጥልቆ፣ ፀሐይ አናቱን እየበሳው፣ ከነፍስ አድን ጀልባዎቹ ሥር ይሰለፍ ነበር። አሁን ነገሩ ቀሏል። ማብራሪያውን ክፍልህ ውስጥ በቴሌቪዥን ታያለህ፣ ከዚያ ወደተመደብክበት መሰብሰቢያ ወርደህ የክፍልህ መክፈቻ የሆነውን ካርድህን መሣሪያው ላይ ታስነካለህ፣ ጢው ይላል፣ አለቀ። እሱም በዝቶባቸው የሚነጫነጩ አሉ። በተለይ መርከብ የለመዱት ሽማግሌዎች «ይህን ነገር ከካፒቴኑ በላይ አውቀዋለሁ» እያሉ ካርዳቸውን በሚስታቸው እጅ ልከው እነሱ ቢራቸው ዘንድ ይሄዳሉ። ወይም ባልየው የሚስቱን ካርድ ይዞ ይመጣል። ነውር ነው ብሎ የሚያስብ የለም።

ለግሌኒስ ግን ነውር ነው። በሰው ትኬት መሄድ ማለት ነው። እሷ መሰብሰቢያ «ሲ» የሚባለው፣ ማለትም አምስተኛ ፎቅ ላይ ያለው የመመገቢያ አዳራሽ፣ ከሁሉ ቀድማ ደረሰች። ቢጫ ኮፍያ ያደረገችው ፊጂያዊቷ የመርከቧ ሠራተኛ ማኬሬታ የጃኬቱን ማሰሪያ እንዴት እንደሚያጠብቁት ስታሳይ፣ ከማዳመጥ አልፋ ሁለት ጥያቄ ጠየቀቻት። ኔቪል የመጣው ይኼኔ ነው። አንገቱ ላይ ሁለት ካርድ ተንጠልጥሏል። አንዱን አስነካ፣ ጢው። ሌላውን አስነካ፣ ጢው።

«ኖሊንስ?» አለችው ግሌኒስ።

«ጋደም ብላለች።»

«ታዲያ ካርዷን አንተ ምን ልትሠራበት ይዘኸው ትዞራለህ?»

«ያው ነው ባክሽ። ሁሉም እንደዚህ ነው የሚያደርገው።»

«ሁሉም ሌላ፣ እኔ ሌላ።»

«እሱንማ ማን ያጣዋል» አለና ሄደ።

እጅ ከፍንጅ ይዛው ከቁም ነገር ሳይቆጥራት ሲሄድባት አንጀቷ አረረ። ግን ከዚያ የባሰ ሐሳብ መጣባት። ልምምድ ያላደረገች ሴት አደጋ ቢመጣ መሰብሰቢያዋን አታውቅም። መሣሪያው ደግሞ «መጥታለች» ብሏል። ታዲያ እህቷ አንድ ነገር ብትሆን፣ ባልየው «አሳይተናት ነበር፣ መሣሪያው ይመስክር» ቢል ማን ያስተባብለዋል?

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ዓይኗን ከሰውየው ላይ አልነቀለችም። ያየችው ሁሉ ጥርጣሬዋን የሚያወፍር ነበር። ምግብ የሚያዝላት እሱ ነው። ሰው ኖሊንን አንድ ነገር ሲጠይቃት ቀድሞ የሚመልሰው እሱ ነው። የክፍላቸውን መክፈቻ፣ ያንኑ ካርዷን፣ ከአንገቱ አያወርደውም። ኖሊን መጸዳጃ ቤት ስትገባ እንኳ በሩ ላይ እንደ ዘበኛ ይቆማል። ኑሜያ ሲደርሱ ተሳፋሪው ሁሉ ሲወርድ እነሱ ሳይወርዱ ቀሩ። «ፀሐዩ ይከብዳታል» አለ ኔቪል። ፀሐይ! ቡንዳበርግ ውስጥ ስንቱን ልጅ ዋና ስታስተምር አርባ ዓመት ገንዳ ዳር የቆመችን ሴት!

ኖሊን እንደሆነ በሁሉም ትስቃለች። ሳቋ ግን ግሌኒስን አልጣማትም። ነገሩ ገብቶት የሚስቅ ሰው ሳቅ አልነበረም።

አንድ ጠዋት ኔቪል ሻይ ሊያመጣ ሲሄድ ግሌኒስ ዕድሉን አላባከነችም።

«ኖሊ፣ ደወል ቢደወል የት ነው የምትሄጂው?»

«የምን ደወል?»

«የአደጋ ነዋ! መሰብሰቢያሽ የት ነው?»

«ኔቭ ያውቀዋል» አለች ኖሊን፣ እየሳቀች።

«እሱ ባይኖርስ?»

«የት ይሄዳል?»

ግሌኒስ ደሟ ፈላ። ይህቺ እኮ የገንዳው በር በትክክል ካልተዘጋ ልጆቹን ውሃ የማታስነካ ሴት ነበረች። ወላጆችን ሳይቀር የምትቆጣ። ኔቪል ሻይውን ይዞ መጣና አንዱን ስኒ ከኖሊን ፊት አስቀምጦ፣ እጀታውን ወደ እጇ አዞረላት። ከዚያ ግሌኒስን አየት አደረገና «ምን እያወራችሁ ነው?» አለ።

«ስለ አየሩ» አለች ግሌኒስ።

አምባሩን ያየችው ፖርት ቪላ በደረሱበት ቀን ነው። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ኖሊን እጇን ልትታጠብ እጅጌዋን ስትሰበስብ፣ የእጅ አንጓዋ ላይ ብርቱካናማ የፕላስቲክ አምባር ታየ። ላዩ ላይ ትልቅ «ሲ» ተጽፎበታል። ግሌኒስ ምንነቱን አላጣችውም። መርከቧ ላይ ያለ ሕፃን ሁሉ ያስረዋል። ደወል በተደወለ ጊዜ ልጁ ከወላጆቹ ርቆ ቢገኝ፣ ያገኘው ሠራተኛ ፊደሉን አይቶ ወደ መሰብሰቢያው እንዲወስደው ነው።

«ይህን ማነው ያሰረብሽ?»

«ኔቭ» አለች ኖሊን እጇን አዟዙራ እያየች። «ያምራል አይደል?»

ግሌኒስ ክው አለች። ሰባ ዓመት ያለፋትን ሴት እንደ ሕፃን፣ እንደ ሻንጣ ምልክት አስሮባታል! አዋርዷታል! ንዴቷ እንባ እንባ አላት። ከቦርሳዋ የጥፍር መቀስ አወጣችና አምባሩን ቆርጣ ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። ኖሊን አልተቃወመችም። ባዶ አንጓዋን አንድ ሁለቴ አሸት አሸት አደረገችው ብቻ።

እህቷን ለባልየው መልሳ አስረክባ፣ ግሌኒስ በቀጥታ ወደ ማኬሬታ ሄደች። ማኬሬታ ቢጫ ኮፍያውን የምታደርገው በልምምድ ጊዜ ብቻ ነው። በቀረው ጊዜ ሰባተኛ ፎቅ ካለው ሱቅ ውስጥ ቲሸርት ትሸጣለች። ግሌኒስ ሁሉንም ዘረገፈችላት፤ ሁለቱን ካርድ፣ ጋደም ማለቱን፣ አምባሩን።

ማኬሬታ እጥፍ ያለውን ቲሸርት ዘርግታ እንደገና አጠፈችው።

«አምባሩን ቆረጡት?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አዎ ቆረጥኩት!»

«እማማ፣ እባክዎን ባለቤቷን ያነጋግሩ።»

«ሌባውን ስለ ሌብነቱ ላነጋግረው?»

«እኔ ስለ ሌላ ተሳፋሪ መናገር አልችልም። ግን ያነጋግሩት። ዛሬውኑ። አምባሩንም ሌላ እሰጥዎታለሁ፣ ይሰሩላት።»

ስለዚህ ይህቺም ታውቃለች። አምባሩን የሰጠችው እሷ ናት። ተመሳጥረዋል! ምን ቢሰጣት ነው? እንግዲህ እህቷን የሚያድን ከእሷ በቀር ማንም የለም ማለት ነው። አምባሩን አልቀበልም ብላ ወጣች።

ከምሳ በኋላ ኔቪል «ፂሜን ልላጭ» ሲል ሰምታ፣ ጥቂት ጠብቃ ክፍላቸውን አንኳኳች። የከፈተችው ኖሊን ናት። ግሌኒስ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ በእጇ ስባ አወጣቻት። ኖሊን ከት ከት ብላ ሳቀች፤ ልጅ ሳሉ ከአባታቸው ተደብቀው ወንዝ ሲሄዱ እንደዚህ ነበር የሚያደርጉት።

«የት ነው የምንሄደው ግሌኒ?»

«ልምምድሽን ላሠራሽ ነው። እኔ ራሴ።»

በአደጋ ጊዜ ሊፍት ስለማይፈቀድ በደረጃ ወረዱ። ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርሱ ግሌኒስ ቆመች። ልምምድ ያለ ጃኬት ምን ልምምድ ነው? እሷ አንድን ነገር በግማሽ ሠርታ አታውቅም። «እዚሁ ጠብቂኝ፣ ንቅንቅ እንዳትዪ» አለቻትና ጃኬቶቹን ልታመጣ ወደ ላይ ተመለሰች።

ክፍሏ ውስጥ ጃኬቶቹን ከቁም ሣጥኑ እየጎተተች ሳለ ደወሉ ጮኸ። ሰባት አጭር፣ አንድ ረጅም። ቀጥሎ ድምፅ ማጉያው ልምምዱ የሠራተኞች ብቻ እንደሆነ፣ ተሳፋሪዎች መንቀሳቀስ እንደማያስፈልጋቸው ተናገረ። መርከቧ ወደብ ስትይዝ ሁልጊዜ የሚደረግ ነው። ግን ምግብ አብሳዩም፣ አልጋ አንጣፊውም፣ ሙዚቀኛውም ጃኬት አጥልቀው ደረጃውን ሞሉት፤ ግሌኒስ በመካከላቸው እየተገፋች ኖሊንን ያቆመችበት ስትደርስ ኖሊን አልነበረችም።

ግሌኒስ መጀመሪያ የመጣላት ምን እንደሆነ መናገር ያሳፍራል፤ እሱ ወሰዳት፣ አለች። ጃኬቶቹን ጥላ ወጣችና የኔቪልን በር በቡጢ ደበደበችው። ኔቪል ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደሆነ ከፈተ።

«እህቴን የት አደረስካት?»

«ምን? ከአንቺ ጋር አይደለችም እንዴ? ሳቋን ሰምቼ...» አረፋ የሌለበት ግማሽ ፊቱ ነጣ። «የት ተውሻት?»

«ደረጃው ላይ። አንድ አፍታ ብቻ።»

«ብቻዋን?» ፎጣውን ወረወረው። «ግድ የለም፣ አምባሩ አለ። ያገኛት ሰው ፊደሉን ያየዋል። አምባሩ አለ አይደል?»

ግሌኒስ ዓይኗን ከፊቱ ላይ አንስታ ወደ በሩ መለሰች።

«ግሌኒስ፣ አምባሩስ?»

«ቆረጥኩት።»

ኔቪል ይጮኻል ብላ ጠበቀች። አልጮኸም። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ።

«ራሷን እየረሳች ነው» አለ ወለሉን እያየ። «ከመጋባታችን በፊት ነው ሐኪሙ የነገረን። ክፍሏን አታውቀውም። አንዳንድ ቀን እኔንም አታውቀኝም። ቤቱን የምንሸጠው የሚረዳን ሰው ያለበት ለመግባት ነው። በልምምዱ ቀን ደረጃውን አይታ ፈርታ አለቀሰች፣ ምን ላድርግ? ካርዷን ይዤ ሄድኩ። ጥፋት ነው፣ አውቃለሁ። ከዚያ ያቺን ፊጂያዊት ለብቻዋ አግኝቼ ለመንኳት፣ አምባሩን ሰጠችኝ።»

«ለምን አልነገርከኝም?» አለች ግሌኒስ።

«አስምላኝ ነው። ግሌኒ ካወቀች እህቴ መሆኗ ይቀርና ተቆጣጣሪዬ ትሆናለች፣ አለችኝ።»

በተለያየ አቅጣጫ ሮጡ። ኔቪል ወደ ላይ፣ ወደ ገንዳው። ግሌኒስ ወደ ታች፣ መሰብሰቢያ ሲ። አዳራሹ ውስጥ ሠራተኞች ብቻ ተሰልፈዋል። ማኬሬታ ከነኮፍያዋ አየቻትና ወዲያው ገባት፤ ሰልፉን ትታ የእጅ ሬዲዮኗን ከወገቧ መዘዘች።

«ኖሊን ኤድኮክ የምትባል ተሳፋሪ ጠፍታለች» አለች ወደ ሬዲዮኑ።

የመጣው መልስ አልረዳም። በዚያ ስም የሚታወቅ ያገኙት ሰው የለም። የጀልባዎቹ ፎቅ ላይ አንዲት ሴትዮ ተገኝታለች፣ ግን ካርድም አምባርም የላትም፤ የሰጠቻቸው ስም ደግሞ ከተሳፋሪዎቹ መካከል ስለሌለ ከወደቡ ገበያ ተሳስታ የገባች ጎብኚ ናት ብለው ወደ መውረጃው ደረጃ እየወሰዷት ነው።

«ማን ነኝ አለች?» ብላ ጮኸች ግሌኒስ።

ሬዲዮኑ ተንኮሻኮሸ። «ታፕስኮት። ኖሊን ታፕስኮት።»

ኤድኮክ የኔቪል ስም ነው፤ ታፕስኮት ግን የአባታቸው። ኖሊን ከሁለት ባል በፊት የነበራት ስም።

ሲደርሱ ኖሊን መውረጃው አፍ ላይ በሁለት ወጣት መርከበኞች መካከል ቆማ ነበር። አንድ እግሯ ደረጃው ላይ ነው፤ ከታች የፖርት ቪላ ወደብ፣ ታክሲው፣ የገበያው ሕዝብ ይተራመሳል። ግሌኒስ እጇን ይዛ አልለቅ አለች። ኖሊን ዞር ብላ አየቻት።

«ጠብቂኝ ብለሽኝ» አለች። «ሰዎቹ ሁሉ ሲሮጡ፣ ልጆቹ ውሃው ጋ ብቻቸውን ናቸው ብዬ...» ከዚያ የትኞቹ ልጆች እንደሆኑ ጠፋባት።

አመሻሹ ላይ የደህንነት መኮንኑ ሁሉንም ቢሮው ጠራቸው። ደረቅ ሰው ነው፤ ግን ክፉ አይደለም። ኔቪልን ስለ ካርዱ ወቀሰው፣ ማኬሬታን ሳትናገር ስለመቅረቷ ወቀሳት። ከዚያ ሕጉን ነገራቸው። ብቻዋን መሰብሰቢያዋን የማታገኝ ተሳፋሪ ሁለት ኃላፊ ያስፈልጋታል። አንዱ ቢወድቅ ሌላው እንዲይዛት። ሁለት ከሌለ መርከቧ ከመንቀሳቀሷ በፊት ባልና ሚስቱ እዚሁ ፖርት ቪላ ይወርዳሉ፣ ወደ ቤታቸውም በአውሮፕላን ይሄዳሉ።

«አንዱ እኔ ነኝ» አለ ኔቪል።

«ሁለተኛው?»

ግሌኒስ አፏን ልትከፍት ስትል ኔቪል ዞሮ አያት። ያንን አስተያየት ታውቀዋለች። ስንት ዘመን እሷ ራሷ ሰውን ያየችበት ነው፤ ሲደረግባት ግን የመጀመሪያዋ ነበር።

«አላምናትም» አለ ኔቪል ለመኮንኑ። «ይቅርታ ይደረግልኝ፣ አላምናትም። በሽታዋን ባታውቅ እንኳ ሰው ደረጃ ላይ ጥሎ አይሄድም።»

ግሌኒስ ልትከራከር ፈለገች። ስለ ስልኩ፣ ስለ ተደበቀው ነገር፣ ስለ ሁለቱ ካርድ ልትናገር ፈለገች። ሁሉም እውነት ነበር። ግን ኖሊን ደረጃው አፍ ላይ የቆመችበት ዓይኗ ላይ መጣና ምላሷን ነከሰች።

«እውነቱን ነው» አለች።

ማኬሬታ ቀና አለች። መኮንኑ ሰዓቱን አየ። ኔቪል ወንበሩን ወደ ግሌኒስ አዙሮ ተቀመጠ።

«እሺ። ደወሉ ተደወለ። ምን ታደርጊያለሽ?»

«ወደ መሰብሰቢያ ሲ...»

«አይደለም።»

«ጃኬቷን...»

«አይደለም ግሌኒስ።»

ግሌኒስ አጠገቧ የተቀመጠችውን እህቷን አየች። ኖሊን በመስኮቱ ወደ ባሕሩ እያየች ነበር።

«እጇን እይዛለሁ» አለች።

«ከዚያስ?»

«አልለቅም።»

«ጃኬት ብትረሺስ?»

«አልለቅም።»

«እኔ የመጣሁ ቢመስልሽስ? እኔ መሆኔን ሳታረጋግጪ፣ በሰው መሃል፣ ጭስ ውስጥ?»

«አልለቅም።» እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ነበር፤ አልጠረገችውም። «ላንተም ቢሆን አልለቅም።»

«ድገሚው» አለ ኔቪል፣ ደገመችው። እንደገና ጠየቃት፣ እንደገና መለሰች። መኮንኑ አላቋረጣቸውም። በመጨረሻ ኖሊን ከመስኮቱ ዞር ብላ ሁለቱንም እየተቆጣች፣ ገንዳ ዳር ልጆችን በምትቆጣበት በዚያ በድሮው ድምፅዋ፣ «አሁን አይበቃችሁም? ርቦኛል» አለች።

ኔቪል በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። መኮንኑም የግሌኒስን ስም ጻፈ።

ወደ እራት ሲሄዱ ግሌኒስ የኖሊንን እጅ ይዛ ከፊት ሄደች። ኔቪል አብሯቸው ሊሄድ ይችል ነበር፤ ኮሪደሩ ሦስት ሰው ያሳልፋል። ግን ከኋላ ቀረና እጃቸውን እያየ ተከተላቸው፤ በማግስቱም እንዲሁ፣ ብሪዝበን እስኪደርሱም እንዲሁ። ግሌኒስ ዓይኑ ማጅራቷ ላይ ይሰማት ነበር። አንድም ቀን ዞራ «ምን ታያለህ?» አላለችውም።